ብረቱ ሥር ውስጥ ይቅር፦ ስለ ተክል፣ ስለ ማዕድን ዝቃጭና ስለ ራያ ከብት



የመጣሁት ስለ ግጦሽ መሬት ልናገር ነው። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ አርሰኒክ፣ ክሮሚየምና የመሳሰሉት መርዛማ ንጥረ ነገሮች ከማዕድን ቁፋሮና ከፋብሪካ ወጥተው አፈር ውስጥ ሲገቡ መሬቱን በተክል ማጽዳት ይቻላል የሚል ሐሳብ ከተነሣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ለንግግር እንዲመቸኝ ሁሉንም «ብረት» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ሐሳቡ እውነት አለው፤ እኔም አምንበታለሁ። ነገር ግን ከብት በሚሰማራበት አገር እንዲሁ እንደወረደ ከተወሰደ መድኃኒቱ ራሱ ከብቱን ይጎዳል። ዛሬ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ለግጦሽ አገር የሚበጀው ብረትን ወደ ቅጠሉ የሚስብ ተክል አይደለም፤ ብረትን ሥሩ ላይ አስሮ የሚያስቀር ተክል ነው።

እኛ ያለንባት የራያዋ ኮቦ የምትታወቀው በማሽላዋ፣ በጤፏ፣ በከብቷና በከርሰ ምድር ውኃዋ ነው። የብረት ማዕድን አገር ተብላ አትጠራም። «ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ያለው በአገሩ አቀማመጥ ላይ ነው። በምዕራብ የወሎ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ። በመካከል የተዘረጋው ሜዳ ደግሞ ጎርፍ ከከፍታው እየጠረገ ለዘመናት ያከማቸው ደለል ነው። የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ሞልተው ሲወርዱ ይዘውት የሚመጡት አፈር ነው ማሽላውን ከሰው ቁመት በላይ የሚያደርሰው። የራያ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ማጠጣት ከአባቶቹ የወረሰው ጥበብ ነው። ዝናቡ በራሱ ማሳ ላይ ባይጥልለት እንኳ ደጋው ላይ ከጣለለት ተስፋ አለው።

ይህ ጥበብ ግን ሜዳውን ከደጋው ጋር አንድ ያደርገዋል። ላይ የተቆፈረው ሁሉ ታች ይደርሳል። አንድ ቀን ተዳፋቱ ላይ የብረት ማዕድን ቢከፈትና ከማጠቢያው የሚቀረው ዝቃጭ በወጉ ባይያዝ፣ ጎርፉ ደለሉን ከመርዙ ለይቶ አያወርድም። ገበሬውም ሳያውቀው በገዛ እጁ ቦይ ቀዶ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ሌላው አገር የተበከለ ወንዝ ዳር ያለ መሬቱን ብቻ ሲያጣ፣ ራያ ግን ወንዙን ወደ እርሻው የሚጠራ አገር ስለሆነ የሚያጣው ይበዛል።

ሌላ ቦታ የሆነውን እናውቃለን። በጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ በሚገኘው የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን ዙሪያ የሚኖሩ አርብቶ አደሮችና ገበሬዎች በልጆቻቸውና በከብቶቻቸው ላይ ጉዳት ደርሷል ብለው አደባባይ ወጡ፤ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የማዕድኑ ፈቃድ ታገደ፤ ከዓመታት በኋላ ሥራው ቀጠለ። በናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 የደረሰው የከፋ ነው። ሰዎች ወርቅ ያለበትን ድንጋይ ወደ መንደራቸው እያመጡ በእህል ወፍጮ ፈጩት። ድንጋዩ እርሳስ ነበረበት። አቧራው ግቢውን፣ ጉድጓዱንና እህሉን ሸፈነው፤ ከ400 በላይ ሕፃናት ሞቱ። እነዚህ ሰዎች ድሆች ነበሩ፤ የሚያደርጉትንም የሚነግራቸው አልነበረም።

ወደ ቤታችን እንቅረብ። ከዚህ በመኪና መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ የወሎ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። የፋብሪካዎቿ ፍሳሽ በትንንሽ ወንዞች አድርጎ ወደ ቦርከና ይገባል። በእነዚህ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከቆዳ ሥራ የሚወጣ ክሮሚየምና ከብረታ ብረት ሥራ የሚወጣ ዚንክ አግኝተዋል። ቦርከና ደግሞ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል። ጨፋ በበጋ የአፋሩ፣ የኦሮሞውና የአርጎባው ከብት ከድርቅ የሚጠለልበት ሣር ነው። ማዕድን ባይኖርም ብረት ወደ ግጦሽ የሚገባበት በር ክፍት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

አሁን ብረት ወደ ላም ሆድ እንዴት እንደሚገባ እንይ። ብዙ ሰው የሚያስበው ሣሩ በሥሩ ስቦት፣ ቅጠሉ ላይ ደርሶ፣ ላሟ ቅጠሉን ስትበላ ነው። ይህ መንገድ አለ። ከእሱ የሚሰፋው መንገድ ግን ከብቱ አፈሩን ራሱን መብላቱ ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ድሮ መዳብና ቆርቆሮ ይወጣበት በነበረ አካባቢ፣ ቶርንተንና አብርሃምስ የተባሉ ተመራማሪዎች የከብቶችን እበት መርምረው እ.ኤ.አ. በ1983 ውጤቱን አሳትመዋል። ከብት ከሚበላው ደረቅ መኖ ውስጥ ከ1 በመቶ ጀምሮ እስከ 18 በመቶ የሚጠጋው አፈር ነበር። በግ ላይ ሲሆን እስከ 30 በመቶ ደርሷል።

ይህ የሆነው ሣሩ ለምለም፣ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ በሆነበት አገር ነው። አሁን የኮቦን ግንቦት አስቡት። በልጉ ከሽፏል። አገዳው ከማሳው ተነሥቶ ተከምሯል፤ የቀረው ቆረቆንዳ ነው። በሬው አፍንጫውን መሬት ላይ አጣብቆ፣ ምላሱን አንዲት የሣር ጉቶ ላይ ጠምጥሞ ይስባል። ሣሩ ይበጠሳል ስትሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ይመጣል፤ ሥሩ ላይ የተንጠለጠለው አፈርም አብሮ ይገባል። በሬው አያራግፈውም፤ ያኝከዋል። እንዲህ እያደረገ ከጠዋት እስከ ማታ ይውላል። መሬቱ ንጹሕ ከሆነ ይህ አፈር ብዙም አይጎዳው። መሬቱ እርሳስ ካለበት ግን ሣሩ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን በሬው እርሳሱን ከምድር እየለቀመ ነው። ስለዚህ የተበከለ መሬት ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ተክል ብረት ይስባል?» አይደለም፤ «መሬቱን ምን ይሸፍነዋል?» ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ሣር አቧራውን ይይዛል፣ ጭቃው ቅጠሉ ላይ እንዳይረጭ ያደርጋል፣ የከብቱንም አፍ ከአፈሩ ያርቃል።

ብረቶቹ ከገቡ በኋላ የሚያደርጉት ይለያያል። እርሳስ የበዛበት ከብት ዓይኑ ይጠፋል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በአንድ ቦታ ይሽከረከራል፣ ራሱን ከግንድ ወይም ከግድግዳ ጋር ይገፋል። የእንስሳት ሐኪም ካላየው «አበደ» ተብሎ ይታረዳል። ያልሞተው ደግሞ እርሳሱን አጥንቱ ውስጥ ለዓመታት ያኖረዋል፤ ላም ከሆነች ስትወልድና ስትታለብ ጥቂቱ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ወተቷ ይሄዳል። ካድሚየም ኩላሊት ላይ ይከማቻል፤ ከብቱ ባረጀ ቁጥር ይጨምራል። መዳብ በግን ከሌላው እንስሳ ይልቅ ቶሎ ይገድላል። ሞሊብደነም ደግሞ ሳይገድል ያከሳል፤ የመዳቡን ጥቅም ከከብቱ ሰውነት ይነጥቀዋል፣ ፀጉሩ ይነጣል፣ ተቅማጥ አይለቀውም።

ስለ እርሳስ ሳነሳ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በዓለም ላይ ከብት በእርሳስ የሚመረዝበት ተደጋጋሚ ምክንያት ማዕድን አይደለም፤ የተጣለ የመኪና ባትሪ ነው። ኮቦ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጋራዥ አላት፣ የጭነት መኪና ያልፍባታል፣ አሁን ደግሞ የሶላር ባትሪ በየቤቱ ገብቷል። የተሰበረ ባትሪ ውስጥ ያለው ግራጫ ዱቄት ለከብት ጨው ጨው ይለዋል። ጨው ያጣ ከብት ያገኘውን ይልሳል፤ ማዕድን የጎደለው ከብት አጥንት እስከማኘክ ይደርሳል። ከአንድ ባትሪ የወጣው እርሳስ ብዙ ከብት ለመግደል ይበቃል። የአፋር ጨው በደጃችሁ እያለ ከብቱ ጨው አጥቶ ባትሪ መላስ አልነበረበትም።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም.፣ ኋላም በ2014 መጨረሻ የነበረው ጦርነት በዚህ ሜዳ ላይ የተወውንም ታውቁታላችሁ። የተቃጠለ ተሽከርካሪ፣ ቀለህ፣ ጥይት። ያልፈነዳውን መንካት የማንም ሥራ አይደለም፤ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ብቻ ነው። የተቃጠለው ብረት የቆመበት ቦታ ግን በዙሪያው ያለው አፈር እስኪመረመር ድረስ ከብት ባይውልበት ይሻላል። ብዙ ጥይት ውስጡ እርሳስ አለው።

ወደ ተክሉ እንምጣ። አንዳንድ ተክሎች ሌላውን ተክል የሚገድል ብረት እየሳቡ በቅጠላቸው ያከማቻሉ። ጣሊያናውያን እ.ኤ.አ. በ1948 በቶስካና አገር ኒኬል የሚያከማች አንዲት ትንሽ ቢጫ አበባ ተክል መዘገቡ። በኒው ካሌዶኒያ ደሴት ግንዱ ሲቆረጥ ሰማያዊ አረንጓዴ ወተት የሚያፈስ ዛፍ አለ፤ ፈሳሹ ሲደርቅ ሩቡ ያህል ኒኬል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በፍሎሪዳ፣ በአርሰኒክ የታከመ እንጨት ይመረትበት በነበረ መሬት ላይ፣ አርሰኒክ የሚጠጣ ፈርን መገኘቱ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ወጣ። እስካሁን እንዲህ ዓይነት ከ700 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹ ኒኬል ሰብሳቢዎች ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ ተክሉን ዘርቶ፣ አጭዶ፣ ከመሬቱ አውጥቶ፣ እንደገና መዝራት፤ በየዓመቱ ብረቱን በሸክም ማውጣት የሚል ሐሳብ መጣ። መልካም ሐሳብ ነው። በኒኬል ላይ በአልባኒያ በእርሻ ደረጃ ተሠርቶበታል።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ብዙ ጊዜ ሳይሠራ የሚቀረው ሒሳቡ ነውና። አንድ ሄክታር መሬት ላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈሩ 2,600 ቶን ገደማ ይመዝናል። በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ 500 ሚሊ ግራም እርሳስ አለ እንበልና ወደ 100 ለማውረድ እንፈልግ። ከዚያ ሄክታር መውጣት ያለበት እርሳስ ከ1,000 ኪሎ ይበልጣል። አሁን በዓመት 10 ቶን ደረቅ አገዳ የሚሰጥ ጥሩ ሰብል ዘራን፤ በእያንዳንዱ ኪሎ አገዳም 100 ሚሊ ግራም እርሳስ ስቦ መጣ። ይህ ለተራ ተክል ብዙ ነው፤ እርሳስ ከአፈር ጋር ስለሚጣበቅ ተክል በቀላሉ አይስበውም። ቢሆንም በዓመት የሚወጣው አንድ ኪሎ እርሳስ ብቻ ነው። ሥራው ከ1,000 ዓመት በላይ ይፈጃል።

ሌላው ችግር ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ያ አገዳ ራሱ መርዝ ሆኗል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መኖ ላይ የሚፈቀደው እርሳስ በኪሎ ቢበዛ 30 ሚሊ ግራም ነው፤ የእኛ አገዳ ከሦስት እጥፍ በላይ አልፎታል። ለካድሚየም የሚፈቀደው ደግሞ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ማሽላ በፍጥነት ስለሚያድግና ብዙ አገዳ ስለሚሰጥ በሌላ አገር ተመራማሪዎች ብረት ሊያወጡበት ሞክረዋል። እዚያ የማሽላ አገዳ ቢቃጠል ወይም ቢቀበር የሚናፍቀው የለም። እዚህ ግን የማሽላ አገዳ የበጋው መኖ ነው፤ ክምሩ የቤተሰቡ የዓመት ዋስትና ነው። ድርቅ ሲገባ «ይህ ክምር መርዝ ነው፣ አታብሉት» የሚል ምክር ከብቱ እየተራበበት ያለን ሰው አያስቆመውም። ምክር ሲሰጥ ሰው በረሃብ ጊዜ የሚያደርገውን ያላሰበ ምክር የወረቀት ምክር ነው።

ብዙ ትምህርት የምናገኝበት አንድ አደጋ ከስፔን ልንገራችሁ፤ እንደ ራያ ጎርፍ ያስፋፋው ስለሆነ ነው የመረጥኩት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1998 አዝናልኮያር በተባለ ቦታ የማዕድን ዝቃጭ የተገደበበት ግድብ ተደርምሶ እርሳስ፣ አርሰኒክ፣ ካድሚየምና ዚንክ የሞላበት ጥቁር ጭቃ በጓዲያማር ወንዝ ዳር ወረደ። ከ4,000 ሄክታር በላይ እርሻና ግጦሽ ሸፈነ። መንግሥት ጭቃውን ከላይ አስጠረገው። ከዚያም መሬቱን ከባለቤቶቹ ገዝቶ እርሻም ግጦሽም ከለከለ። መሬቱ ላይ ከስኳር ፋብሪካ የተረፈ ኖራና ብስባሽ በተኑበት፤ የአገሩን ዛፎች ተከሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ቦታው ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተሰየመ።

የእኛው ጎመን ዘርም እዚያ ሄዷል። አትገረሙ፤ በዓለም ሳይንስ የኢትዮጵያ ሰናፍጭ እየተባለ ይጠራል፣ የተገኘውም ከእኛ አገር ደጋ ነው። የስፔን ተመራማሪዎች በዚያ በተበከለ መሬት ላይ ዘርተው ብረት ምን ያህል እንደሚስብ ለክተዋል። ያን መሬት በመጨረሻ ያዳነው ግን ብረት እየሳበ የሚያወጣ ሰብል አይደለም። ያዳነው የጭቃው መጠረግ፣ እርሻና ግጦሽ መከልከሉ፣ ኖራውና ብስባሹ፣ ከዚያም መሬቱን የሸፈነው ዕፅዋት ነው። ከተከሏቸው ዛፎች አንዱ ነጭ ፖፕላር ካድሚየምና ዚንክ እየሳበ በቅጠሉ ማከማቸቱን ተመራማሪዎቹ አይተዋል። በየዓመቱ ቅጠሉ ሲረግፍ ከታች አፈር ውስጥ ተቀብሮ የነበረው ብረት እንደገና ወደ ላይ መጥቶ መሬቱ ላይ ይነጠፋል። ዛፍ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ ያስራል፣ አንዱ ይበትናል። ሣሩ ሲያገግም ደግሞ ማንም ከብቱን አልነዳበትም፤ ሥጋቸው ለማይበላ ፈረሶች ይሆን እንደሆነ በጥናት ነው የተፈተሸው። ሀብታም አገር ነውና መሬቱን ገዝቶ ለዓመታት ማሳረፍ ቻለ። ራያ ላይ 4,000 ሄክታር ግጦሽ ለዓመታት ይዘጋ ቢባል ከብቱ የት ይሄዳል?

ስለዚህ ለእኛ የሚሆነው ሥሩ ላይ የሚያስረው ተክል ነው። የመጀመሪያውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሰርዶ ነው። ማሳ ውስጥ ሲገባ ገበሬ ይጠላዋል፤ ወሰን ላይና ሜዳ ላይ ግን ከብቱ ይወደዋል። ሰርዶ በደቡብ አፍሪካም በቻይናም ሌላ ሣር በማይበቅልበት የማዕድን ዝቃጭ ላይ እየተንፏቀቀ መሬቱን ሲሸፍን ታይቷል። ድርቅ ይችላል፣ ቢረገጥም ያቆጠቁጣል፣ ቁራጩን ብቻ መትከል ይበቃል።

ሁለተኛው ቬቲቨር ሣር ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን በጅማ የግብርና ምርምር በኩል ለቡና እርሻ ነበር፤ ኋላ በኢሉባቦር ለአፈር ጥበቃ ተስፋፋ። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሄድ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሦስት ሜትርና ከዚያ በላይ ይጠልቃል። በአውስትራሊያ፣ በቻይናና በታይላንድ በማዕድን ዝቃጭ ላይ ተተክሏል። ዋናው ጠባዩ ይህ ነው፦ አርሰኒክን፣ ካድሚየምን፣ ክሮሚየምንና ሜርኩሪን ከሳበ በኋላ አብዛኛውን ሥሩ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ወደ ቅጠሉ የሚወጣው ጥቂት ነው። ዚንክን ግን ለሥሩም ለቅጠሉም እኩል ያካፍላል። ስለዚህ ዚንክ ያለበት መሬት ላይ ቬቲቨርም ቢሆን ቅጠሉ ሳይመረመር ለከብት አይሰጥም። ሌላው ጥቅሙ አለመዛመቱ ነው፤ ለአፈር ጥበቃ የሚተከለው ዓይነት ዘሩ ስለማይበቅል የተከላችሁት ቦታ ላይ ይቀራል።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ቅንጨ የተባለውን አረም ኮቦ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በረሃብ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር እንደመጣ ይነገራል፤ በኢትዮጵያ መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎችም ይህ አካባቢ አንዱ ነው። ግጦሹን በላ፣ ወተቱን አመረረ፣ የሰውን ቆዳ አሳከከ። በጎረቤታችን በአፋር ደግሞ ፕሮሶፒስ የተባለ ዛፍ አለ፤ በረሃውን ያለመልማል ተብሎ በመልካም ሐሳብ ነበር የተተከለው። ዛሬ የአዋሽን ዳር ግጦሽ ዘግቶታል። ስለዚህ ማንም ሰው መሬት የሚያጸዳ ተክል አመጣሁ ብሎ ቢመጣ፣ ሳይንቲስትም ይሁን ድርጅት፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ተክሉ ይዛመታል ወይ ተብሎ ነው። መልሱን በጽሑፍ ያምጣ።

ለፍሳሽ ውኃ ደግሞ ሌላ ዓይነት ተክል አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ ሙከራ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። ፊላ፣ ሸምበቆና የቄጠማ ዘሮችን በጠጠር በተሞላ ገንዳ ተክለው ፍሳሹን አሳልፈውበት ክሮሚየሙን ከሞላ ጎደል ከውኃው ለይተውታል። ረግረግ ላይ የበቀለ ፊላ ብረት እንደሚያጣራ በእኛው አገር፣ በእኛው ሰዎች ተረጋግጧል ማለት ነው። ገንዳው ግን መታጠር አለበት፤ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ሸምበቆ ከብት ይጠራል።

ተክሉ ብቻውን አይበቃም። የማዕድን ዝቃጭ ውስጥ ድኝ ካለ ውኃና አየር ሲነካው አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ብረቱን ያሟሟዋል። እዚያ ላይ ኖራ ግድ ነው። የኮቦ ሜዳ አፈር ግን በባሕርዩ አሲዳማ ስላልሆነ ጎጃም ላይ እንደሚደረገው ኖራ ብቻ መበተን ብዙም አይጠቅመውም፤ አርሰኒክ ላለበት መሬት እንዲያውም ኖራ ሲበዛ አርሰኒኩን ይፈታዋል። ለዚህ ሜዳ የሚበጀው ፍግና ብስባሽ ነው፤ እርሳስንና መዳብን ይይዛል፣ ሣሩንም ያበቅላል። ኩበቱ ለማገዶ እንደሚፈለግ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ለማገዶ ሌላ ነገር ሳይታሰብ «ፍግ ጨምሩ» ማለት ግማሽ ሥራ ነው። መሬቱ ይታጠር፣ ጎርፉ እንዳይገባበት ከላይ ይጠለፍ፣ ሣሩ ይተከል። ቢያንስ ሁለት ክረምት ይለፍበት። ከዚያ ቅጠሉም አፈሩም ይመርመር። ንጹሕ ከሆነ በመጀመሪያ አጭዶ ማብላት ይቅደም፤ ማጭድ ከመሬት ከፍ ብሎ ሲያጭድ አፈር ወደ ከብቱ አፍ አይገባም። መሰማራት መጨረሻ ላይ ይመጣል። የከብቱ ውኃም ከተበከለው ጅረት ሳይሆን ከጉድጓድ ይሁን፤ ኮቦ በዚህ ታድላለች።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በንጹሕ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ማዕድን ከመከፈቱ በፊት የአካባቢው ሕዝብ እንዲደመጥ ያዛል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ደግሞ ባለፈቃዱ ያጠፋውን መሬት መልሶ የሚያለማበት ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል። ያ ስብሰባ አንድ ቀን በዚህ ወረዳ ወይም ከላይ ባለው ደጋ ሲጠራ «መንገድ ትሠሩልናላችሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልካም ነው፤ ከእሱ በፊት ግን ዝቃጩ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያጥረው፣ ክረምት ቢሞላ ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ፣ የመልሶ ማልማቱም ገንዘብ ስንት እንደሆነና የት እንደተያዘ ይጠየቅ።

ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ዛሬ አፈራችን ምን እንደያዘ ማወቅ አለብን። ጉዳት ደረሰ ስትሉ «ድሮም እንዲህ ነበር» ይሏችኋል። በተፈጥሮው ብረት ያለበት ድንጋይ ስላለ ይህ መልስ አንዳንዴ እውነት፣ አንዳንዴ ማምለጫ ይሆናል። የሚለየው ከቁፋሮው በፊት የተወሰደ ናሙና ብቻ ነው። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ለሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልና ለወልድያ ዩኒቨርሲቲ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከመጪው ክረምት በፊት ጎሊናና ሆርማት ከተራራው ወጥተው ሜዳውን ከሚይዙበት ቦታ፣ ጎርፍ ከሚጠለፍባቸው ማሳዎችና ከወል ግጦሹ አፈር ይወሰድ፤ ከከተማው ቄራም የአሮጌ ከብት ኩላሊትና ጉበት ወደ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላክ። ውጤቱ በወረዳው መዝገብ ይቀመጥ፤ ቅጂው ለሽማግሌዎች ይሰጥ። ተማሪዎች ደግሞ ናሙናውን ከማን ማሳና ከየትኛው ጥግ እንደወሰዳችሁ በጥንቃቄ ጻፉ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ቦታ አግኝቶ እንዲለካው።

እናንተ ከብት ያላችሁ ሰዎች ግን ላቦራቶሪ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትደርሱ በግቢያችሁ፣ በጋጣው ጥግና በአጥሩ ሥር ተመልከቱ። አሮጌ ባትሪ ካለ ከብት ከማይደርስበት አስገብታችሁ ቆልፉበት፤ የፈሰሰውን አፈር ጥረጉና በማዳበሪያ ከረጢት አስሩት፤ ለከብቶቻችሁም ጨው ስጧቸው።